ለየኔ ቢጤ የሚሰጥ የምግብ ኩፖን፦ ከገዢውም ከተመጋቢውም ወገን

በአዲስ አበባ መንገድ ላይ እጁን ለሚዘረጋ ሰው ከገንዘብ ይልቅ ምግብ መስጠት የሚሻል የሚመስላቸው ሰዎች የምግብ ኩፖን ገዝተው በቦርሳቸው መያዝ ከጀመሩ ቆይተዋል። አሠራሩ ቀላል ነው፦ አሥር ኩፖን ያለው ትንሽ ጥራዝ ከበጎ አድራጎት ድርጅቱ ቢሮ ይገዛሉ፤ ለለመነዎት ሰው አንዱን ቀድደው ይሰጣሉ፤ ተቀባዩም ወደ ድርጅቱ መመገቢያ አዳራሽ ሄዶ ምሳውን ይበላበታል። የአንዱ ኩፖን ዋጋ በመለስተኛ ካፌ ከሚጠጣ ማኪያቶ አይበልጥም። እኔ እስካሁን ሁለት ጥራዝ ገዝቻለሁ፤ ከነዚያም በአንዱ ኩፖን ራሴ ተሰልፌ በልቻለሁ፤ የገዛሁት ስለሆነ የማንንም ድርሻ አልነካሁም ብዬ ራሴን አጽናንቻለሁ። ነቀፌታዬ ሠራተኞቹን ሳይሆን አሠራሩን የሚመለከት በመሆኑ የድርጅቱን ስም አልጠቅስም።

ምግቡ ጥሩ ነው። የሄድኩት ማክሰኞ ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ላይ ሲሆን ሰልፉ ከአዳራሹ በር እስከ አጥሩ ጥግ ደርሶ ነበር፤ ቢሆንም ሩብ ሰዓት ያህል ብቻ ቆሜ ገባሁ። በሩ ላይ ነጭ ጋዋን የለበሰች ሴት ኩፖኑን ተቀብላ ጥጉን ቀደደችና ካርቶን ውስጥ ጣለችው። እጅ የሚታጠቡት ቧንቧ ከተገጠመለት በርሜል ነው፤ ሳሙናም አለ። በዝርግ ሰሃን ሁለት እንጀራ፣ አንድ ጭልፋ ምስር ወጥና ጎመን ቀረበልኝ። እንጀራው ጤፍ ብቻ ባይሆንም ዓይኑ የወጣ ነበር፤ ወጡም ሽንኩርቱ በደንብ የተቁላላ፣ በውሃ ያልበዛ ነበር። እንጀራ ለጠየቀ ይጨመራል፤ ወጥ ግን አይጨመርም። ከጎኔ የተቀመጡት ሽማግሌ አንዱን እንጀራ ብቻ በልተው ሁለተኛውን በፌስታል ጠቅልለው ከጋቢያቸው ሥር ሲያስገቡ አስተናጋጇ አየቻቸው፤ አይታም እንዳላየች አለፈች። ምግብ ከአዳራሹ ማውጣት ክልክል መሆኑን የሚገልጽ ማስታወቂያ ከራሷ በላይ ተለጥፎ ነበር። ለአስተናጋጇ ሙሉ ነጥብ ሰጥቻታለሁ።

ኩፖኑ አንድ ትልቅ ጥቅም አለው። ሕፃናትን አሰማርቶ ቀን ሙሉ ሲያስለምን ውሎ ማታ ሳንቲሙን ለሚሰበስብ ሰው ይህ ወረቀት ምንም አይፈይድለትም፤ ልጁ ግን ሆዱን ይሞላበታል። በዚህ ምክንያት ብቻ እንኳ ለልጆች ከብር ይልቅ ኩፖን እሰጣለሁ። በእርግጥ ወረቀቱ አይሸጥም ማለት አይደለም፤ አንድ ጎረምሳ የሰጠሁትን ኩፖን ከጥቂት እርምጃ በኋላ ተከትሎኝ መጥቶ በግማሽ ዋጋ መልሼ እንድገዛው ጠይቆኛል።

ዋናውን ጉድለት የነገሩኝ ግን በሰፈሬ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ የሚቀመጡ አንዲት አሮጊት ናቸው። ኩፖኑን ስሰጣቸው ከዓይናቸው አቅርበው አገላብጠው ተመለከቱትና፣ «ልጄ፣ ይሄ እስከ ስንት ሰዓት ነው?» አሉኝ።

«እስከ ስምንት ሰዓት ነው እማማ።»

«እኔ እኮ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ። ባይሆን ለሌላ ስጠው፤ አይባክን።»

ጊዜው ዐቢይ ጾም ነበር። አዳራሹ የጾም ምግብ መሥራቱን አስቀድሜ አረጋግጬ በመግዛቴ ኮርቼ ነበር፤ ሆኖም ምግቡ ጾም መሆኑና የሚበላበት ሰዓት የጾመኛ መሆኑ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን አላሰብኩም። ከቅዳሴ በፊት እህል የማይቀምስ ሰው በዚያ አዳራሽ በ55ቱ የጾም ቀናት መብላት የሚችለው ቅዳሜና እሑድ ብቻ ነው፤ በእነዚያ ቀናት ደግሞ አዳራሹ ዝግ ነው። በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሳምንት ውስጥ ተከታትለው ሲገቡ በመስጊድ በር ለሚቀመጡትም የምሳው ሰዓት እንዲሁ ከንቱ ነበር። ይህ ጥቃቅን ቅሬታ እንዳይመስላችሁ፤ በከተማችን አብዛኛው ምጽዋት የሚጠየቀውም የሚሰጠውም በቤተ እምነት ደጃፍ ነውና፣ ኩፖኑ በዋናነት የሚያገለግላቸው ሰዎች በጾም ሰዓት አክባሪነታቸው ከሰጪዎቹ የሚበልጡ ናቸው።

ነገሩ ከሰዓት ያለፈ ይመስለኛል። አማርኛ ለለማኝ ካወጣቸው ስሞች አንዱ «የኔ ቢጤ» ነው፤ እኔን የመሰለ፣ የእኔ እኩያ ማለት ነው። በቃልም በጽሑፍም በወረስናቸው ታሪኮች ውስጥ ለማኝ የልመናውን መንገድ የሚመርጠው ራሱ ነው። ላሊበሎች ጎሕ ሳይቀድ ከደጅ ቆመው፣ የባለቤቱን ስም ከጎረቤት ጠይቀው በዜማ ያወድሱታል፤ እጁን ከሰበሰበም ውዳሴው ወደ ነቀፌታ ይዞራል። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ ከውሻ እየታገለ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል ቁራሽ የሚሰጠው ሰው አንድ ቀን ካህን ለሚሆን ልጅ ስንቅ እያዋጣ መሆኑን ያውቃል። በተአምረ ማርያም በላዔ ሰብእ 78 ነፍስ አጥፍቶ ሳለ የዳነው፣ የተጠማ ቁስለኛ በማርያም ስም ለምኖት ጥርኝ ውሃ ስለሰጠው ነው። ያን ውሃ የሰጠው ተለምኖ በቆመበት ቦታ፣ በጠያቂው ጥማት ሰዓት ነበር፤ ሄደህ እዚያ ጠጣ አላለውም።

ከሁሉ ይልቅ በአዳራሹ ተቀምጬ ያስታወስኩት ግን ጥቅምት 14 የሚታሰበውን የገብረ ክርስቶስን ታሪክ ነው። የቁስጥንጥንያው ንጉሥ የቴዎዶስዮስ ልጅ በሠርጉ ሌሊት ቤተ መንግሥቱን ጥሎ ወጥቶ፣ ከዓመታት ልመና በኋላ ተመልሶ በገዛ አባቱ ደጅ እንደ ነዳይ ተቀመጠ። አባት ለዚያ ድኻ ምግብ እንዲሰጠው አዘዘ፤ አገልጋዮቹ ግን የእጅ እጣቢ ይደፉበት ነበር፤ ልጁ መሆኑ የታወቀው ከሞተ በኋላ ነው። ዕለታዊ ምግቡ እንደ ኩፖኑ በሥርዓት የተመደበ ነበር፤ የጎደለው ማን ነህ ብሎ የሚጠይቀው ሰው ነው። በእኛ አዳራሽ እጣቢ የሚደፋ የለም፤ ሠራተኞቹ ትሑታን ናቸው። ሆኖም በበሩ ላይ ኩፖን ይቆጠራል እንጂ ከየት መጣችሁ፣ መራመድ ትችላላችሁ፣ ትጾማላችሁ ብሎ የሚጠይቅ የለም። እግራቸው የማይንቀሳቀስ ሰው ሁለት ታክሲ ይዘው ለሚሄዱበት ምሳ የታክሲውን ዋጋ መልሰው ከመንገደኛ መለመን አለባቸው።

እኔም ብሆን ከዚህ ጥፋት ነጻ አይደለሁም። ኩፖን መስጠት ከጀመርኩ ወዲህ ከለማኝ ጋር የማደርገው ንግግር አጥሯል፤ ወረቀቱን አቀብዬ፣ አድራሻው ከጀርባው ተጽፏል ብዬ አልፋለሁ። ሳንቲም ስሰጥ ግን ምርቃቱ እስኪያልቅ ቆሜ «አሜን» እል ነበር። ኩፖን የተቀበለ ሰው ቶሎ አይመርቅም፤ ያገኘው ነገር ምን እንደሆነ እስኪያውቅ ሲያገላብጠው እኔ መንገዱን ተሻግሬአለሁ።

የከተማው አስተዳደር የከፈታቸው «ተስፋ ብርሃን» የምገባ ማዕከላት ሌላ አሠራር ስላላቸው ከዚህ ጋር አላነጻጽራቸውም። ይህን ኩፖን መግዛት ለሚፈልግ ግን ይግዛ እላለሁ፤ ለሕፃናትና ለአዳራሹ ቅርብ ለሆኑ ሰዎች ዋጋውን ያወጣል። ከመቅደዳችሁ በፊት ግን ተቀባዩ እንደሚጾም፣ እስከ አዳራሹ መሄድ እንደሚችል ጠይቁ፤ በጾም ወራትም ዳቦ ወይም ብር መያዝ አትርሱ። ለቢሮው አዳራሹ በጾም ቀናት እስከ 10 ሰዓት ክፍት እንዲሆን በጽሑፍ አመልክቼ፣ ከኩሽና ሠራተኞች የሥራ ሰዓት ጋር ተያይቶ ምላሽ እንደሚሰጠኝ ተነግሮኛል። አሮጊቷም እሑድ ሲያዩኝ፣ «ልጄ፣ የዘጠኝ ሰዓቱ ተፈቀደ?» እያሉ ይጠይቁኛል።