የመጀመሪያዋ የኪሮሽ አሻንጉሊት፦ በሹራብ ክር ወይስ በጥጥ ክር?

በደሴ ብርድ ኪሮሽ ይዞ ቤት መቀመጥ ደስ ይላል። ትንሽ ድብ ልትሠሩ ካሰባችሁ ግን መጀመሪያ ክሩን ምረጡ።

የሹራብ ክር ለስላሳ ነው፤ ይለጠጣል፣ እጅ አያደክምም። ችግሩ ፀጉራም ስለሆነ ቋጠሮው አይለይም። አሻንጉሊት ደግሞ እየተቆጠረ ነው የሚሠራው፦ የመጀመሪያው ዙር 6 ቋጠሮ ነው፣ ቀጣዩ ዙር 12፣ ከዚያ 18። አንዷ ከተዘለለች ቁጥሩ ይዛባል፣ ጭንቅላቱም ይጣመማል። ጥጥ ክር ላይ እያንዳንዷ ቋጠሮ ፍንትው ብላ ትታያለች። ብዙም ስለማይለጠጥ ሆዱ ሲሞላ ቅርጹን ይይዛል። ጣት ማድከሙ እውነት ነው። ኮምቦልቻ ሙቀት ላይም ጥጡ ይሻላል፤ ላብ ያለው እጅ ላይ አይጣበቅም።

እኔ ለጀማሪ ጥጥ እላለሁ፤ ፈዘዝ ያለ ቀለም፣ ባለ 3 ሚሊ ሜትር ኪሮሽ። ጥቁር ክር በማታ መብራት ባይሞከር ይሻላል። ለሕፃን ከሆነ ዓይኑን በክር ጥለፉት፤ ቁልፍ ተነቅሎ አፍ ይገባል።