ፒችትሪ ለግንባታ ዕቃ ነጋዴ ምን ያህል ይበቃዋል?

የሒሳብ ሠራተኛ የሚፈልግ ማስታወቂያ ሲወጣ «ፒችትሪ የሚችል» የሚለው አይጠፋበትም። ይህ የሒሳብ መያዣ የኮምፒውተር ፕሮግራም አሜሪካ፣ አትላንታ ተወልዶ፣ ኋላ በእንግሊዙ ሴጅ ኩባንያ ተገዝቶ፣ እ.ኤ.አ. ከ2012 ወዲህ ሴጅ 50 ተብሏል፤ እኛ ጋ ግን ዛሬም ፒችትሪ ነው። በብዙ ቢሮ ተጭኖ የሚገኘው የ2010 እትም ስለሆነ ይህ ግምገማ የሚያየው እሱን ነው። መለኪያ ያደረግነውም መካከለኛ የግንባታ ዕቃ መደብር ነው፦ አንድ መጋዘን፣ አንድ መሸጫ፣ በዱቤ የሚወስዱ ኮንትራክተሮች፣ የቫት ተመዝጋቢ።

በማኔጅመንት ትምህርት የመረጃ ሥርዓት ሲባል አምስት ነገር ይቆጠራል፤ መሣሪያው፣ ፕሮግራሙ፣ ዳታው፣ አሠራሩና ሰዉ። ፒችትሪ ከአምስቱ አንዱ ነው። ያስጫነው ነጋዴ ግን አምስቱንም የገዛ ይመስለዋል፤ «ፒችትሪ አልሠራልንም» የሚለው ቅሬታ አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ይነሳል።

መጀመሪያ የሚመሰገንበትን እንይ። ባለ 12 ፌሮ 100 ቤርጋ በ900 ብር ገባ እንበል፤ ቆይቶ 50 ቤርጋ በ1,080 ብር ተጨመረ (ዋጋው ለስሌት እንዲመች የተወሰደ ነው)። አማካዩ 960 ብር ይመጣል። አንድ ኮንትራክተር 40 ቤርጋ በ1,100 ብር በዱቤ ሲወስድ፣ ሠራተኛዋ ሽያጭ መስኮቱ ላይ የደንበኛውን መለያ፣ የዕቃውን መለያና ብዛቱን ትሞላለች። ሴቭ ስትል አምስት ሒሳብ በአንዴ ይነካል፦ ከደንበኛው የሚሰበሰብ 50,600፣ ሽያጭ 44,000፣ የሚከፈል ቫት 6,600፣ ከስቶክ የሚወጣ 38,400፣ ያው 38,400 ደግሞ የተሸጠ ዕቃ ወጪ ሆኖ። ጥቅል ትርፉ 5,600፣ የመጋዘኑ ቀሪ 110 ቤርጋ። በእጅ ቢሆን ይህ ለሦስት መዝገብና ለሦስት ሰው የሚሆን ሥራ ነው፤ ሦስቱ መዝገቦች ደግሞ በወር መጨረሻ እርስ በርስ አይስማሙም።

ለባለቤቱ የሚጠቅመው ግን ከዚህ በላይ ያለው ነው። የዱቤ ዕድሜ ሪፖርቱ እያንዳንዱን ባለዕዳ እስከ 30 ቀን፣ ከ31 እስከ 60፣ ከ61 እስከ 90፣ ከ90 በላይ ብሎ ከፍሎ ያሳያል። 90 ቀን ያለፈው ኮንትራክተር ሌላ 200 ኩንታል ሲሚንቶ ልውሰድ ብሎ ሲመጣ፣ እሺ ወይም አይሆንም የሚባለው ይህን ገጽ አይቶ ነው። ለየዕቃው ዝቅተኛ መጠን ከተሞላ ዳግም የሚታዘዙትን ለይቶ ያወጣል፤ የዕቃ ትርፋማነት ሪፖርቱ ደግሞ ብዙ የሚሸጠውና ብዙ የሚያተርፈው ዕቃ አንድ አለመሆኑን ያጋልጣል። ሪፖርቱ ላይ ያጠራጠረ ቁጥር ካለ ሁለት ጊዜ ክሊክ ሲደረግ ወደ ዋናው ደረሰኝ ይወስዳል። ከፒችትሪ ሁሉ የሚወደደው ነገር ይህ ቢሆን አይገርምም።

አሁን ወደሚያጠምደው። ፕሮግራሙ ገና ሲከፈት የሚጠይቃቸው አንዳንድ ጥያቄዎች መመለሻ የላቸውም። በአክሩዋል (ግብይቱ ሲፈጸም) ወይስ በካሽ (ገንዘቡ ሲገባና ሲወጣ) ይያዝ የሚለው አንዴ ከተመረጠ አይቀየርም። ዕቃ ሲመዘገብ የሚመረጠው ዓይነትም እንዲሁ ነው፤ ስቶክ አይተም መሆን የሚገባው ነን ስቶክ ተብሎ ከገባ ቀሪው አይቆጠርም፣ መፍትሔውም አዲስ መለያ ከፍቶ እንደገና መጀመር ነው። የዋጋ አያያዝ ዘዴው የባሰ ነው፤ በዕቃው ግብይት ከተመዘገበ በኋላ አይነካም። ከላይ ያለውን 40 ቤርጋ በፊፎ (ቀድሞ የገባው ቀድሞ ይወጣል በሚለው) ብንይዘው ወጪው 36,000፣ ትርፉ 8,000 ይሆናል፤ በሊፎ (መጨረሻ የገባው ቀድሞ ይወጣል በሚለው) ወጪው 43,200፣ ትርፉ 800 ብር። አንድ ሽያጭ፣ ሦስት ትርፍ። ዓለም አቀፉ የሒሳብ ደረጃ፣ አይኤፍአርኤስ፣ ሊፎን ስለማይፈቅድ ምርጫው በአማካይና በፊፎ መካከል ነው፤ ዋጋው በየሳምንቱ ለሚዋዥቅ ዕቃ አማካዩ ይሻላል።

ቀኑ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ፒችትሪ የሚያውቀው የፈረንጅ ቀን ብቻ ስለሆነ፣ 12ቱን ወር በካላንደሩ የሚለውን ዝም ብሎ የተቀበለ ሰው በየወሩ የቫት ማሳወቂያውን በእጁ ሲለቅም ይኖራል። ከካላንደር ወር ጋር የማይገጥም የሚለውን መርጦ ቀኑን ራስ መሙላት ይገባል፦ ሐምሌ ከጁላይ 8 እስከ ኦገስት 6፣ ነሐሴ ጳጉሜን ጨምሮ ከኦገስት 7 እስከ ሴፕቴምበር 10፣ መስከረም ከሴፕቴምበር 11 ጀምሮ። ዘመነ ሉቃስ ሲያልቅ ጳጉሜ 6 ስለምትሆን ነሐሴ በሴፕቴምበር 11 ይዘጋል፤ ከመስከረም እስከ የካቲትም መነሻው ሁሉ አንድ ቀን ይገፋል፣ መጋቢት ላይ ይስተካከላል። ይህን ሐምሌ ላይ ያላየ ጥር ላይ ግራ ይገባዋል።

ፕሮግራሙ ለአሜሪካ ሕግ የተሠራ መሆኑ ጎልቶ የሚታየው ግዢ ላይ ነው። እዚያ የሽያጭ ታክስ ገዢው የሚቀናነስለት ነገር አይደለም፤ ስለዚህ የግዢው መስኮት ታክስ የሚያሰላበት ቦታ የለውም። ለሽያጭ 15 በመቶ የሚል ኮድ ተከፍቶ በራሱ ይሰላል፤ ለግዢ ግን ከዕቃዎቹ በታች የዕቃ መለያ የሌለው አንድ መስመር ተጨምሮ፣ ሒሳቡ ተቀናናሽ ቫት ተደርጎ መጠኑ በእጅ ይጻፋል። ይህን ያልተማረ ሠራተኛ ደረሰኙ ላይ ያየውን ጠቅላላ ዋጋ ለቤርጋው ያካፍለዋል፤ 900 የነበረው 1,035 ሆኖ ስቶክ ውስጥ ይገባል። በአንድ ስህተት የዕቃው ዋጋ ያብጣል፣ ትርፉ ይሟሽሻል፣ የሚቀናነሰው ቫትም ይቀራል።

ዊዝሆልዲንግም፣ ማለትም ገዢው ከክፍያው ላይ ቀንሶ የሚያስቀረው ቅድመ ግብር፣ ከዚህ አይለይም። ደንበኛው ቀንሶ ሲከፍል ልዩነቱን የዲስካውንት ዓምድ ውስጥ መወርወር የተለመደ ነው፤ ደረሰኙ ይዘጋል፣ ሁሉም ያማረ ይመስላል። ዓመት ላይ ግን ከትርፍ ግብር የሚቀናነሰው ገንዘብ ቅናሽ ሆኖ ተበልቷል። ትክክለኛው መንገድ ደረሰኙን አፕላይ ቱ ኢንቮይስስ በሚለው ላይ በሙሉ ዋጋው መርጦ፣ አፕላይ ቱ ሬቨኑስ በሚለው ላይ ተቀናናሽ ዊዝሆልዲንግ የሚል ሒሳብ ይዞ መጠኑን በኔጋቲቭ ማስገባት ነው። የሚቀረው በእጅ ከገባው ቼክ ጋር እኩል መምጣት አለበት። ደመወዝን በተመለከተ ብዙ አንደክምም፤ የግብር እርከኑንና የጡረታውን 7 እና 11 በመቶ ቀመር መጻፍ ቢቻልም፣ ለሃያ ሠራተኛ ኤክሴል ሠርቶ ድምሩን በጆርናል ማስገባት ይቀላል።

መነሻ ቀሪ ሲገባ ካልተመጣጠነ ፒችትሪ አያስቆምም፤ ልዩነቱን በመነሻ ቀሪ ካፒታል ስም አስቀምጦ ያልፋል። የደንበኞች መነሻ ዕዳም ለብቻው የሚሞላ ስለሆነ ወደ ጠቅላላ ሌጀር (ሁሉም ሒሳብ ወደሚጠቃለልበት መዝገብ) አይሄድም። ሁለቱም ቦታ ሞልቶ፣ የዱቤ ዕድሜ ሪፖርቱ ድምር ከሌጀሩ ተሰብሳቢ ጋር መግጠሙን ያላየ ሰው በተሳሳተ መሠረት ላይ ነው የሚሠራው።

መለያ ሲሰጥም ጥንቃቄ ያሻል። ግዕዝ ፊደልን በአግባቡ ስለማይቀበል ስሙ በላቲን ይጻፋል፤ ፀሐይ የምትባል ደንበኛን አንዷ በቲ፣ ሌላዋ በኤስ ትጀምራታለች። በዚያ ላይ ትልቅና ትንሽ ፊደልን ይለያል። አንዲት ደንበኛ ሦስት ሆና ትገኛለች፣ ዕዳዋም ሦስት ቦታ ተከፋፍሎ ትንሽ ይመስላል። ከስም ይልቅ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርን መለያ ማድረግ ይህን በሙሉ ያስቀራል፤ እስከ 20 ፊደል ስለሚይዝ ቦታ አይጠበውም።

መብራት ሲጠፋ የሚደርሰውን ማንም ያውቀዋል። ዳታውን የሚይዘው ፐርቫሲቭ የሚባለው ሞተር እየጻፈ ሳለ ከተቋረጠ ፋይል ይበላሻል፤ አንዳንዴ ግን የተበላሸ ነገር ሳይኖር አልከፍትም ይላል። ያኔ ዊንዶውስ ሰርቪስስ ውስጥ ገብቶ ፐርቫሲቭን ስታርት ማለት ይበቃል፤ ለዚህ ቴክኒሻን ጠርቶ መክፈል አያስፈልግም። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን የሚያቆይ ባትሪ) የግድ ነው። ባክአፑ (የዳታው መጠባበቂያ ቅጂ) ፒቲቢ የሚባል አንድ ፋይል ነው፤ ስሙ ላይ ቀን ይግባበት፣ ቅጂውም ከቢሮ ውጭ ይደር። ቅጂው ሪስቶር ሲደረግ (ወደ ፕሮግራሙ ሲመለስ) ነባሩ ላይ የሚለው ከተመረጠ የትናንቱ የዛሬውን ይውጠዋል። ስለዚህ ለመፈተሽ ሁልጊዜ በአዲስ ካምፓኒ ይከፈት።

ይህ ሁሉ ግን በአንድ ሳምንት ሥልጠና የሚስተካከል ነው። የማይስተካከለው ከፕሮግራሙ ውጭ ያለው ነው። በብዙ መደብር ፒችትሪ የሚነካው በትርፍ ሰዓቱ የሚመጣ አካውንታንት ነው፤ የወሩን ደረሰኝ በፌስታል ተቀብሎ፣ ማሳወቂያው ሊደርስ ሲል ያስገባል። ሽያጩ ከግዢው በፊት ይመዘገባል፤ ስቶኩ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ግዢው ሲገባ ፕሮግራሙ ዋጋውን ወደ ኋላ ያስተካክላል፤ ያለፈው ወር ትርፍ ዛሬ ሌላ ሆኖ ይነበባል። እንዲህ የሚሠራ መደብር ለግብር ሰብሳቢው የሚሆን መዝገብ አለው፣ ለባለቤቱ የሚሆን መረጃ የለውም። የዱቤ ዕድሜ ሪፖርት አርባ ቀን ዘግይቶ ቢወጣ ሲሚንቶው ሄዷል።

ስለዚህ በየቀኑ የሚያስገባ አንድ ቋሚ ሠራተኛ ለሌለው መደብር ፒችትሪን አንመክርም፤ ደህና የኤክሴል ሉህና የመጋዘን ቢን ካርድ (የየዕቃው ገቢና ወጪ የሚጻፍበት ካርድ) በርካሽ ያንኑ ያደርጉለታል። ሠራተኛ ላለውና ቅርንጫፉ አንድ ለሆነ ነጋዴ ግን ከበቂ በላይ ነው። ሁለትና ሦስት ቅርንጫፍ ያለው፣ ካሽ ሬጂስተሩ በቀጥታ እንዲያያዝለት የሚፈልግ፣ ወይም በአማርኛ መሥራት ያለበት ሌላ ይፈልግ። ከኮምፒውተር ቤት በፍላሽ የሚጫነውን ኮፒ በተመለከተ፣ ሕጉን ብንተወው እንኳ ዳታ ሲበላሽ የሚጠየቅ አካል የለውም።

አስቀድሞ የጫነ ደግሞ ቅዳሜ ማታ ይህን ይሞክር፦ የቀኑን ዜድ ሪፖርት (ካሽ ሬጂስተሩ ቀኑን ሲዘጋ የሚያወጣውን የሽያጭ ድምር) ከፒችትሪ የዕለቱ ሽያጭ ጎን ያስቀምጥ፤ ከዚያ ሦስት ዕቃ መርጦ፣ አንዱ ፌሮ ይሁን፣ መጋዘን ገብቶ በእጁ ይቁጠር፤ ቁጥሩን ከቢን ካርዱና ከስክሪኑ ጋር ያስተያይ። ስክሪኑና ካርዱ ተስማምተው መሬት ላይ ያለው ካነሰ ጉዳዩ የመጋዘን ጠባቂው ነው። ካርዱና መሬቱ ተስማምተው ስክሪኑ ከተለየ ያልገባ ሰነድ አለ። ሦስቱም ከተለያዩ ሰኞ ጠዋት ሽያጭ ሳይጀመር ሙሉ ቆጠራ ይደረግ።