ለደብረ ብርሃን ቤት የትኛው የእንፋሎት ባቡር ሞዴል ይሻላል?

ጠባሴ የሚኖር ወዳጄ የእንፋሎት ባቡር ሞዴል ሊገዛ አስቦ የትኛው እንደሚሻል ጠየቀኝ። አጭሩ መልሴ «ኤች ኦ (HO) የሚባለውን መጠን ግዛ» ነው። ምክንያቱ ግን ረዘም ይላል።

መጀመሪያ መጠኑን እንይ። ኤች ኦ የእውነተኛው ባቡር 87ኛ እጅ ነው። በሁለቱ ሐዲዶች መሃል 16.5 ሚሊ ሜትር አለ። ኤን የሚባለው ደግሞ 160ኛ እጅ ሲሆን የሐዲዱ ስፋት 9 ሚሊ ሜትር ነው። 22 ሜትር የሚረዝም ሎኮሞቲቭ (ፉርጎዎቹን የሚጎትተው) በኤች ኦ 25 ሳንቲ ሜትር፣ በኤን 14 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል ማለት ነው።

በቦታ ኤን ያሸንፋል። 60 ሳንቲ ሜትር ወርድ ያለው ጠረጴዛ ላይ ዙሪያውን ይሄዳል። ኤች ኦ ጠበብ ባለው ኩርባ እንኳ 80 ሳንቲ ሜትር ይፈልጋል። በዚያ ኩርባ በደንብ የሚዞረውም ውሃና ከሰሉን ራሱ ላይ የሚሸከም ትንሽ ሎኮሞቲቭ ነው። ብዙ ጎማ ያለው ትልቁ ከሐዲድ ሊወጣ ይችላል።

ታዲያ ለምን ኤች ኦ? አንደኛ፣ የእንፋሎት ባቡር ውበቱ ጎማውን ከጎማ የሚያያይዙት ዘንጎች ናቸው። ወደፊት ወደኋላ ሲሉ ማየት ነው ነገሩ ሁሉ። በኤን ዓይናችሁን አጥብባችሁ ካልሆነ አታዩአቸውም። ሁለተኛ፣ አቧራ። ሎኮሞቲቩ መልኩ የእንፋሎት ቢሆንም የሚሄደው በኤሌክትሪክ ነው፤ እርሱንም የሚያገኘው በጎማው ከሐዲዱ ነው። በበጋ የደብረ ብርሃን ንፋስ በበር ስንጥቅ የሚያስገባውን አቧራ ታውቁታላችሁ። ኤን ቀላል ስለሆነ ትንሽ ቆሻሻ ሲያገኘው ቀጥ ይላል። ኤች ኦ ክብደት ስላለው ይሻላል። እርሱም ቢሆን ሐዲዱ በአልኮልና በንጹሕ ጨርቅ መወልወል አለበት።

መሸፈኛችሁ አንሶላ ይሁን። እኔ ብርዱም አቧራውም እንዳይነካው ብዬ የመንዝ ባና አለበስኩት። የሱፉ ጸጉር ጎማዎቹን በሚያዞረው ዘንግ ላይ ተጠምጥሞ የማርሹ ጥርስ ውስጥ ገባ። በወረንጦ ለቅሜ ለማውጣት ሁለት ምሽት ፈጀብኝ።

ትራንስፎርመሩን ደግሞ አደራ። አሜሪካ ያለች እህቴ የላከችልኝን ጽሑፉን ሳላነብ ሰካሁት። 120 ቮልት ይላል። የእኛ መብራት 220 ነው። ወዲያው ተቃጠለ፤ ደግነቱ ሎኮሞቲቩ ተረፈ። ከአውሮፓ የሚመጣው በእኛ መብራት ይሠራል። ከአሜሪካ ከሆነ ሎኮሞቲቩን ብቻ አስመጡና ትራንስፎርመሩን ለብቻው ግዙ።

ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ ስለ ሐዲዱ ጠይቁ። የጀርመኑ ሜርክሊን ኤች ኦ በሐዲዱ መሃል ሦስተኛ የኤሌክትሪክ መስመር አለው፤ የሚሠራውም በተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ነው። ከሌሎቹ አብዛኞቹ ባለ ሁለት ሐዲድና 12 ቮልት ዲሲ (ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ) ናቸው። ሁለቱን ማደባለቅ አይቻልም።

አሁን ወደ እውነተኛው እሳት። በጋዝ ውሃ አፍልቶ በራሱ እንፋሎት የሚሄድ ሞዴል አለ። በ32 ወይም በ45 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ላይ፣ ብዙ ጊዜ ግቢ ውስጥ ይሄዳል። መብራት ቢጠፋ ግድ የለውም። የትኩስ ዘይቱን ሽታና ትንፋሹን አንዴ የሰማ ሰው ሌላውን ይረሳል፤ እኔም ልቤ እዚያ ነው። ግን ለጀማሪ አልመክርም።

የከተማችን ከፍታ 2800 ሜትር አካባቢ ነው። ድስት ላይ ውሃ 90 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይፈላል። ይህ ሞዴሉን አያስቸግረውም፤ ቦይለሩ (ውሃው የሚፈላበት ጋን) ዝግ ስለሆነ ግፊቱን ራሱ ይፈጥራል። የሚያስቸግረው ብርዱ ነው። ነዳጁ ቡታን ሲሆን ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ወደ ጋዝ በደንብ መለወጥ ያቅተዋል። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ በጠዋት ብትለኩሱት እሳቱ ይሰንፋል። ፀሐይ እስኪሞቅ ጠብቁ፣ ወይም የጋዝ ታንኩን ለብ ባለ ውሃ አሙቁት። ውሃውም ዲስቲልድ ይሁን፤ የቧንቧ ውሃ ቦይለሩ ውስጥ ኖራ ያስቀራል። ጋዙን ደግሞ ዘመድ በአውሮፕላን ሻንጣ ሊያመጣላችሁ አይችልም። እዚሁ አገር ማግኘታችሁን ሳታረጋግጡ ሎኮሞቲቩን አትዘዙ። ልጆች ብቻቸውን አይንኩት፤ ያቃጥላል።

የለገሃርን ባቡር ለመሥራት ለምትመኙ አንድ ነገር ልጨምር። የድሮው የጅቡቲ መስመር ሐዲድ ስፋቱ 1 ሜትር ነበር። በኤች ኦ መጠን ይህን የሚወክለው ኤች ኦ ኤም የሚባለው ባለ 12 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ነው። ምርጫው ከተራው ኤች ኦ ያነሰ ነው። መጀመሪያ በተራው እጃችሁን አፍታቱ። ከዚያ ለዚህኛው ገንዘብ ማጠራቀም ጀምሩ።