ዱባይ ላላችሁ እናቶች፦ ስለ ባለሮዝ ጣራዋ ታክሲ ሹፌር እህታችን

ይህን ምስጋና መጻፍ የነበረብኝ ከወራት በፊት ነው። ዛሬ ነገ ስል ዘገየሁ። አሁን ግን ለፋሲካ አገር ቤት ልትገባ ስለሆነ ሳትሄድ ላድርስላት ብዬ ተነሳሁ። ዱባይና ሻርጃ ያላችሁ፣ በተለይ እንደ እኔ መኪና ሳይኖራችሁ ትንንሽ ልጆች የምታሳድጉ፣ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

የምንኖረው አል ቁሳይስ የሚባል የዱባይ ሰፈር ነው። ባለቤቴ ኤርፖርት በፈረቃ ይሠራል፤ አንድ ሳምንት ቀን፣ አንድ ሳምንት ሌሊት። 4 ዓመት የሆናት ሴት ልጅና ገና 10 ወሩ የሆነ ወንድ ልጅ አሉን። ዘመድ የለ፣ ና ቡና ጠጣ የሚል ጎረቤት የለ፣ ለአንድ ሰዓት እንኳ ልጅ ያዢልኝ የምትባል አያት የለች። ሰው አገር ልጅ ያሳደገ ያውቀዋል። ዓምና ሐምሌን ሙሉ አራስ ይዤ ከቤት አልወጣሁም። አዲስ አበባ ዝናቡ ሲወርድ እዚህ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ከሕንፃው በር ብቅ ስትሉ መነጽራችሁ በእርጥበቱ ጉም ይለብሳል። ትልቋ ልጄ መስኮቱ ላይ ተለጥፋ "እማዬ፣ ውጪው ዛሬም ትኩሳት አለበት?" ትለኝ ነበር።

ሜትሮው ግሩም ነው፤ ሴቶችና ልጆች ብቻ የሚገቡበት ፉርጎ አለው፣ ከ5 ዓመት በታች ያሉ ልጆችም በነፃ ነው የሚሄዱት። ችግሩ ከጣቢያው ወርዶ እስከሚፈልጉት ቦታ ያለው የእግር መንገድ ነው። በአንድ እጅ ጋሪ እየገፉ፣ በሌላው ልጅ እየጎተቱ፣ የዳይፐር ቦርሳ አዝለው በዚያ ፀሐይ 10 ደቂቃ መሄድ ለእኔ አልተቻለኝም። አንዴ ደግሞ ሰው ያገናኘኝን የግል መኪና ተሳፈርኩ። የልጅ ወንበሬን ላስር ስል ሹፌሩ "ቅርብ ነው፣ እቀፊያት በቃ" ብሎ አስቀረኝ። ያኔ ልጄ 4 ዓመት አልሞላትም። የኤምሬትስ የትራፊክ ሕግ ከ4 ዓመት በታች ላለ ልጅ የልጅ ወንበር ያዛል፤ ቅጣቱ 400 ድርሃም ነው። ቅጣቱስ ይሁን፤ አደባባዩ ላይ ድንገት ፍሬን ሲይዝ ልጄ ከእጄ አምልጣ የፊተኛውን ወንበር በግንባሯ መታችው። ከዚያ ቀን በኋላ ታክሲ ሳይ ሆዴ ይረበሽ ጀመር።

እህታችንን ያገኘኋት ነሐሴ መጀመሪያ ላይ፣ ትንሹን አስከትቤ ከሆስፒታል ስወጣ ነው። ዱባይን ለማታውቁት፦ የከተማው ታክሲዎች ገላቸው ሁሉ ክሬም ነው፤ የሚለዩት በጣራቸው ቀለም ነው። ጣራው ሮዝ የሆነው ሴት የምትነዳው፣ ሴቶችንና ቤተሰብን የሚጭነው ነው። ተራ ይዛ ቆማ ነበር። ነጠላ የለበስኩበትን ትከሻ አይታ መስታወቱን ዝቅ አደረገችና "ሀበሻ ነሽ አይደል? ነይ፣ ቦርሳውን እኔ ልያዝልሽ" አለችኝ።

ትልቋን ላስገባ ስል ግን "ቆይ" ብላ እጇን ዘረጋች። የመኪናውን ቀበቶ ብረት መጀመሪያ በራሷ መዳፍ ነካችው። ፀሐይ በመስኮቱ ገብቶ ሲያግለው ስለቆየ የሕፃን ጭን ያቃጥላል። በእርጥብ ሶፍት ጠቅልላ አበረደችው፣ የኋላውን ኤሲ ወደ ወንበሩ አዞረችው፣ ከዚያ "አሁን ትግባ" አለች። የያዝኩትን የልጅ ወንበር ካሰርኩ በኋላም ዝም አላለችኝም። "ትከሻዋ ላይ ያለውን ቀበቶ በሁለት ጣትሽ ቆንጥጪው። ከተቆነጠጠልሽ ላልቷል ማለት ነው፤ እስኪያቅትሽ ድረስ ሳቢው።" ቆነጠጥኩት፤ እንደ ጨርቅ ተሰበሰበ። ሁለት ዓመት ሙሉ አላልቼ ሳስር ኖሬአለሁ ማለት ነው። ያን ቀን ስልኳን ተቀበልኩ፤ ከዚያ ወዲህ ቤተሰባችን ከቤት የሚወጣው በእሷ ነው።

ሌላው ትልቁ ውለታዋ ከልጅ ጋር የት መሄድ እንደሚቻል ማስተማሯ ነው። እኛ ዱባይ ሲባል የሚታየን ሞልና ፎቅ ነበር። የቡርጅ ኸሊፋን ሰገነት ብር አውጥተን አይተነዋል፤ ያ 828 ሜትር ሕንፃ ለእኛ እንጂ ለልጆቹ ምናቸውም አልነበረም። እሷ ግን ዴራ የሚባለው አሮጌ ሰፈር ወስዳ አብራው ጋ ጣለችን፤ አብራ ማለት ያቺ ክፍት የእንጨት ጀልባ ናት። ሰው 1 ድርሃም ከፍሎ ወደ ቡር ዱባይ ይሻገራል። ልጄ ሳንቲሙን ለጀልባው ሰውዬ በራሷ እጅ ስትሰጥ፣ ንፋሱ ፀጉሯን ሲበትነው፣ እንደዚያን ቀን ስትስቅ አይቻት አላውቅም። ሄደን ተመልሰን፣ እንደገና ሄደን ተመልሰናል። ማታ እዚያው ዴራ ከሀበሻ ምግብ ቤቶቹ አንዱ ጋ ሽሮ በልተን ገባን።

ከሁሉ የማልረሳው ግን ጥር ላይ ራስ አል ኾር የሄድንበት ጠዋት ነው። የዱባይ ክሪክ ውሃ የሚያበቃበት ረግረግ ነው፤ በብርዱ ወራት ፍላሚንጎ የሚባሉት ባለረጅም እግር ሮዝ ወፎች በብዛት ይሰፍሩበታል። መግቢያው በነፃ ነው፣ ወፎቹን ሳይረብሹ የሚያዩበት የእንጨት መመልከቻና ባለእግር መነጽር አለው። የእረፍት ሰዓቷ ስለነበር ሹፌሯም ከእኛ ጋር ገባች። ትልቋን አቅፋ ከመነጽሩ ጋ አስተካከለቻትና ራሷ ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ ቆየች። "እኔ እኮ የአርሲ ነገሌ ልጅ ነኝ" አለችኝ በኋላ። "ከብት ስንጠብቅ አቢያታ ዳር እነዚህን ነበር የምናየው። ስንሮጥባቸው ሐይቁ ራሱ ተነስቶ የሚበር ይመስል ነበር።" አሁን ሐይቁ እንደ ድሮው አይደለም፤ ከዝዋይ ሐይቅ በቡልቡላ ወንዝ የሚወርደው ውሃ ለመስኖ እየተጠለፈ፣ ከሐይቁም ሶዳ አሽ ለሚባለው የፋብሪካ ኬሚካል ውሃ እየተሳበ ዳርቻው ሩቅ ሸሽቷል። ልጅ ሆና የቆመችበት ቦታ ዛሬ ደረቅ ነጭ አፈር እንደሆነ ነገረችኝ።

ለልጄ ደግሞ ጫጩቶቹ ሲፈለፈሉ ግራጫ እንደሆኑ፣ ሮዝ የሚያደርጋቸው ከውሃው ለቅመው የሚበሉት ነገር እንደሆነ አስረዳቻት። ልጄ አሰብ አድርጋ "ታክሲሽስ ምን በልታ ነው ሮዝ የሆነችው?" አለቻት። እስክንወጣ ድረስ ሳቋን መቆጣጠር አልቻለችም።

አንድ ነገር ልጨምር። ልጄ ያለ አያቷ ነጠላ እንቅልፍ አይወስዳትም፤ እናቴ ስንመጣ ከራሷ ላይ አውርዳ የሸፈነቻት ናት፣ ጥለቷ አልቋል። አንድ ቀን ማታ ቤት ስንገባ ነጠላዋ የለችም። ልጅ ስታለቅስ፣ እኔ ሳለቅስ፣ ስልኬ ላይ የድምፅ መልእክት ገባ፦ "ነጠላዋ ከኋላ ወንበሩ ሥር ተወትፋ አግኝቻታለሁ፤ እንዳታስተኛት፣ 20 ደቂቃ ስጪኝ።" መጣች፤ ሜትሩ ጠፍቶ፣ ነጠላዋ በአራት ታጥፋ። ገንዘብ ላስይዛት ብል "ይሄስ ነውር ነው" ብላ ሄደች።

ለምትፈልጓት የምነግራችሁ፦ ሁልጊዜ በሜትር ነው የምትሠራው፣ ሳሊክ የሚባለው የመንገድ ቀረጥ ካለ ሂሳቡ ላይ ይደመራል፤ እባካችሁ አትከራከሯት፣ ገንዘቡ የእሷ ሳይሆን የድርጅቱ ነው። የልጅ ወንበር የራሳችሁን ያዙ። ቢያንስ ከአንድ ቀን በፊት ጻፉላትና ሰዓቱን በግልጽ ተነጋገሩ፤ "በኛ ነው በነሱ?" ብላ መጠየቋ አይቀርም፣ እኔ 3 ሰዓት ብያት በአበሻ ይሁን በፈረንጅ ሳንግባባ አንዴ ተላልፈን እናውቃለን። ማታ ሥራ በሚለቀቅበት ሰዓት ወደ ሻርጃ አትጥሯት፤ ዱባይን ከሻርጃ የሚያገናኘው የአል ኢትሃድ መንገድ በመኪና ስለሚጨናነቅ ልጅ ይዘው የሚቆሙበት አይደለም። ጋሪ ከአንድ በላይ ከሆነ ቀድማችሁ ንገሯት፣ የዕቃ መጫኛው ሁለት አይበቃም። እሷ ካልተመቻት ታክሲ በስልክ ስትጠሩ ሴት የምትነዳው ይሁንልኝ ብላችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ። ስልኳን እዚህ አላወጣም፤ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ፈቅዳልኛለች።

አንድ ወር ግን አታገኟትም። አርሲ ነገሌ እናቷ ጋ የተወችው የ9 ዓመት ልጅ አላት፤ በአካል ካየችው ሁለት ዓመት አልፏል። ልጆቼን ስታስር፣ ብረቱን በመዳፏ ስትነካ፣ አንዳንዴ ወዴት እያሰበች እንደሆነ ይገባኛል፤ ምንም አልላትም። የእኔ እህት፣ ይህን ስታነቢ እንደምታፍሪ አውቃለሁ። እግዜር ይስጥልኝ። ውጪውን ለልጆቼ የከፈትሽላቸው አንቺ ነሽ። በሰላም ግቢ፣ በሰላም ተመለሺ፤ ለእናትሽም እንኳን አደረሰዎት በይልኝ።

ትልቋ ልጄ ለእህታችን ልጅ ፍላሚንጎ ስላ ሰጥታታለች፤ አንድ እግሩ ብቻ ነው የወጣላት፣ ሌላውን አጥፎታል አለች። ትናንት ማታ የሻንጣዋን ፎቶ ላከችልን። ሥዕሉ እንዳይታጠፍ ከልብሱ ሁሉ በላይ አድርጋዋለች።