ለአባቴ አስታማሚ ምስጋና፤ ቱሉ ዲምቱና አካባቢው ላላችሁ ደግሞ ጥቆማ

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን የምጽፈው አንድ ሰው ለማመስገን ነው። ቤታችሁ የአልጋ ቁራኛ የሆነ ወላጅ ላላችሁ ደግሞ ለመጠቆም። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

አባቴ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የአንበሳ አውቶቡስ ሹፌር ነበር። ጫማውን ራሱ ጠርጎ፣ ሸሚዙን ራሱ ተኩሶ የሚወጣ ሰው ነው። ስትሮክ መትቶት ግራ ጎኑ አልታዘዝ አለው። ስለ ሕክምናው ብዙ አልልም፣ ያስጨነቀን ከሆስፒታል ከወጣን በኋላ ያለው ነው። ማን ያጥበው? ሌሊት ማን ያገላብጠው? እኔና እህቴ ልናጥበው ስንጠጋ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ሴት ልጆቹ ራቁቱን እንዲያዩት አልፈለገም። ለእሱ ይህ ከበሽታው ይብስ ነበር። ስለዚህ ወንድ አስታማሚ አስፈለገን፤ ወንድ አስታማሚ ደግሞ በቀላሉ አይገኝም። ተገኝቶም ቱሉ ዲምቱ ስንል "ሩቅ ነው" የሚሉት ይበዛሉ።

ዘመድ ሁሉ የየራሱን መከረ። "ከገጠር አንድ ጎበዝ ልጅ እናምጣላችሁ" ያለ አለ። "መቄዶንያ ለምን አታስገቡትም?" ያለም አለ። መቄዶንያ ጧሪ ደጋፊ ያጡ አረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን የሚነሱበት ቤት ነው። ልጆች ያሉት አባት ያንን አልጋ ሊይዝ አይገባም ብለን ሁላችንም ተስማማን። ቤት ውስጥ ሰው ቀጥረን ልናስታምመው ወሰንን።

ደላላው ያመጣቸው ልጆች ትሑቶች ነበሩ። "ሁሉንም እሠራለሁ፣ እረፍት አልፈልግም፣ የፈለጋችሁትን ክፈሉኝ" ይላሉ። በጎረቤት ጥቆማ የመጣው ይህ ልጅ ግን ስለ ደሞዝ ሳያነሳ ጥያቄ ጀመረ። ሲውጡ ያስላቸዋል? ሌሊት ይነቃሉ? ጀርባቸውን ማየት እችላለሁ? መድኃኒታቸውን እስካሁን የሚሰጣቸው ማነው? ቀጥሎ የማይሠራውን ነገረን። መርፌ አልወጋም፣ የመድኃኒት መጠን አልቀይርም፣ እንደዚያ ያለ ነገር ሲመጣ ነርስ ትጠራላችሁ አለ። መጨረሻ ላይ "እሁድ እኔ ስወጣ ማን ይተካኛል?" ብሎ ጠየቀ።

አጎቴ ቅር አለው። ገና ሳይቀጠር እረፍት ይጠይቃል ብሎ። እኔ ልቤ ያረፈው ግን በዚህ ጥያቄ ነው። ሌሊት እየተነሳ ሰው የሚያገላብጥ ልጅ ሳያርፍ አይዘልቅም። እሁዱን ቀድሞ የሚያስብ፣ ከርሞም ለመኖር አስቦ ነው። "እረፍት አልፈልግም" የሚላችሁን ሰው ግን ሁለት ጊዜ አስቡበት። ወይ ሥራውን አያውቀውም፣ ወይ ሌላ እስኪያገኝ ነው።

አሁን ስለ ሥራው ላውራ። ስሙን የማልጽፈው ራሱ ስላልፈለገ ነው።

መጀመሪያ ቀን አባቴን ሲያጥበው በር ላይ ቆሜ ሰማሁት። "ጋሼ፣ አሁን ቀኝ እጅዎን ላጥብ ነው።" ዝም ይላል፣ መልስ ይጠብቃል። አባቴ "እሺ" ካላለ አይነካውም። ሙሉ ገላውን በፎጣ ሸፍኖ የሚታጠበውን ክፍል ብቻ ይገልጣል፤ ታጥቦ ሲደርቅ ያንን ሸፍኖ ሌላውን ይገልጣል። ሸሚዝ ሲያለብሰው የደከመውን ግራ እጅ ያስቀድማል፣ ሲያወልቅለት ደግሞ ጤነኛውን። እኛ እንደመጣልን ስንጎትት ትከሻውን ስለሚያመው ይጮህ ነበር። እሱ በዚህች ቅደም ተከተል ብቻ ጩኸቱን አስቀረው። ከአልጋ ወደ ዊልቸር ሲያዛውረው ዊልቸሩን በጤነኛው ጎን ያቆማል። አባቴም በቀኝ እጁ መደገፊያውን ይዞ ያግዘዋል። በዚያ ሰሞን "ራሴ ነኝ የተነሳሁት" ማለት ጀመረ።

አልጋ ላይ የሚውል ሰው ትልቁ ጠላት የመኝታ ቁስል ነው። ተረከዝ፣ ዳሌና ከወገብ በታች ያለው አጥንት ላይ ይጀምራል። ልጁ በየሁለት ሰዓቱ ያገላብጠዋል። መጽሐፍ ላይ "ቆዳው ይቀላል" ይባላል፣ እንደኛ ባለ ጠይም ቆዳ ላይ ግን መቅላቱ ላይታይ ይችላል። ስለዚህ በእጁ ይዳስሳል። ከአካባቢው ይልቅ የሞቀ ወይም ጠንከር ያለ ቦታ ካገኘ በዚያ ጎን አያስተኛውም፣ አያሸውምም። ማሸት የተጎዳውን ሥጋ ይብስ ይጎዳዋል አለን። እናቴ ቅባት ይዛ ስትመጣ በትሕትና ነው የመለሳት፦ "እማማ፣ እሱን ለእግራቸው እናድርገው።"

የአየር ፍራሽ ገዝተን ነበር። ጥሩ ነው፣ ግን በመብራት ነው የሚሠራው። የእኛ ሰፈር መብራት ደግሞ ታውቁታላችሁ። መብራት ሲጠፋ ፍራሹ ቀስ እያለ ይተነፍሳል። ልጁ ይህን አስቀድሞ አስቦ ትራስ አዘጋጅቶ፣ በጠፋ ቁጥር ቶሎ ቶሎ ያገላብጠው ነበር። ውኃ በሚመጣበት ቀንም ጀሪካኖቹን ሳይነገረው ይሞላል። ፍራሹን ከመግዛታችሁ በፊት መብራት ሲጠፋ ምን እንደምታደርጉ አስቡ።

ምግብ ሲያበላው ቀጥ አድርጎ ያስቀምጠዋል፤ በትንሽ ማንኪያ፣ በጤነኛው የአፍ ጎን። አንዱ ጉርሻ ሳይዋጥ ሌላ አይጨምርም። ቀጭን ውኃ ትን ሲለው አይቶ ወደ ሐኪም አስወሰደን። ሐኪሙም ወፈር ያለ ነገር አዘዘለት፣ አጥሚትም እንደ መድኃኒት ሆነለት። ከበላ በኋላ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አያጋድመውም።

ይህን ሁሉ የሚመዘግብበት ደብተር አለው። የበላው፣ የወሰደው መድኃኒት፣ የደም ግፊቱ፣ የተገላበጠበት ሰዓት። ቀጠሮ ስንሄድ ሐኪሙ እኛን ከመጠየቁ በፊት ደብተሩን አገላብጦ ያነባል። ውጭ አገር ያለው ወንድሜም በየማታው የደብተሩን ፎቶ እያየ ነው የሚተኛው።

ወደ ክፍያው ልምጣ፣ ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ስለሱ ነውና። የከፈልነውን አልጽፍም፣ እንደ በሽተኛው ሁኔታና እንደ ሌሊቱ ሥራ ይለያያል። ግን ከደሞዙ ሌላ የሚመጣውን ወጪ ቀድማችሁ አስሉ፦ ዳይፐር፣ መድኃኒት፣ ፊዚዮቴራፒ፣ የአስታማሚው ትራንስፖርት፣ እሁድ ለሚተካው ሰው። የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ቢኖራችሁም የሕክምና ወጪ ነው የሚያግዛችሁ፣ ቤት ለሚያስታምመው ሰው አይከፍልም። የአባቴ ጡረታ የዳይፐሩን ያህል ነው የቻለው።

የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ልጆች የተቸገረ ወላጃቸውን የመርዳት ግዴታ እንዳለባቸው ይደነግጋል። ማን ስንት ያዋጣል የሚለው ግን ቤት ውስጥ ነው የሚያልቀው። እኛ እንዲህ ተስማማን፦ ውጭ ያለው ወንድማችን የአስታማሚውን ደሞዝ ይችላል፣ ሐዋሳ ያለችው እህታችን መድኃኒትና ፊዚዮቴራፒውን፣ እኔ አብሬው ስለምኖር ምግቡንና እሁዱን። እሁድን እንደ ገንዘብ ቆጠሩልኝ። ለዚህ ወንድምና እህቴን ከልቤ አመሰግናለሁ። በብዙ ቤት ከወላጁ ጋር የሚኖረው ልጅ ድካም አይቆጠርም፣ ቅያሜውም ከዚያ ይጀምራል።

አሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የቤት ውስጥ ቅጥርን አይሸፍንም። ስለዚህ ሥራውን፣ ደሞዙን፣ የእረፍት ቀኑንና ለመለያየት ስንት ቀን ቀድሞ መነገር እንዳለበት በወረቀት ጽፈን በምስክር ፊት ፈረምን። ተያዥና መታወቂያ ጠየቅነው፣ እሱም የእኛን መታወቂያ ጠየቀ። ትክክል ነው፣ እሱም የማያውቀው ሰው ቤት ነው የሚያድረው። ደሞዙ በቀኑ በቴሌብር ይገባለታል። "ትንሽ ታገሰን" ብለነው አናውቅም። የእሱም እናት ወር ጠብቃ የምትበላ ናት።

አባቴ ዛሬ ዎከር ይዞ እስከ በረንዳ ይሄዳል። ፊዚዮቴራፒስቱ እንቅስቃሴውን አሳየ፣ በየቀኑ ያሠራው ግን ይህ ልጅ ነው። አባቴ ለሰው ምስጋና ቶሎ አይወጣውም። ልጁ ማታ "ደኅና ይደሩ ጋሼ" ሲለው ግን እጁን ይዞ ይመርቀዋል። አስታማሚያችን ወንድሜ፣ ይህን ካነበብክ እኛም ሁላችን እንመርቅሃለን። የአባታችንን ክብር ጠብቀህልናል። እግዜር ብድርህን ይክፈልልን።

አሁን አባቴ ሙሉ ቀን ሰው ስለማያስፈልገው ልጁ ከሰዓት በኋላ ክፍት ነው። ቱሉ ዲምቱ፣ ቂሊንጦ፣ ኮዬ ፈጬና ገላን አካባቢ መሥራት ይችላል። ለሴት በሽተኛም አብራው የሠለጠነች ጎበዝ አስታማሚ ያውቃል። ስልኩን በውስጥ መስመር እሰጣለሁ፣ ኮሜንት ላይ አልጽፈውም። መጀመሪያ በሽተኛውን መጥቶ ያያል፣ አቅሙ ካልፈቀደም ይነግራችኋል። ሲመጣ ደሞዙን የሚከፍለውም፣ እሁድ የሚተካውም ሰው ቤት ይገኙ፤ ሁለቱንም ማነጋገር ይፈልጋል።