ሀውሲንግ ፈርስት ሪቪው፦ ከ5 ኮከብ 3፣ ያውም አዝኜ

የሚከፍለው ግብር ከፋዩ ስለሆነ ሪቪው ማድረጉም የኛው ፋንታ ነው ብዬ ነው። ለማታውቁት፣ ሀውሲንግ ፈርስት ማለት ጎዳና የሚያድረውን ሰው መጀመሪያ መጠጡን ተው ሱሱን አቁም ምናምን ሳይሉት ቀጥታ ቤት ይሰጡታል፣ ቁልፉን ይቀበላል፣ በራሱ ስም ውል ይፈርማል፣ ገቢ ካለው ብዙ ጊዜ 30 በመቶውን ለኪራይ ያወጣል፣ ሶሻል ወርከር እየመጣ ያየዋል፣ የቀረውን መንግስት ይችላል። በፈረንጆቹ 1992 ኒውዮርክ ነው የተጀመረው።

ጥሩ ጎኑን አልክድም፣ የገባ ሰው ቤቱን ይዞ ይቆያል። ካናዳ ከ2009 ጀምሮ 5 ከተማ ላይ 2,000 አካባቢ ሰው በዕጣ ከፋፍለው ሞክረውት፣ ቤት የተሰጣቸው ከጊዜያቸው 73 በመቶውን ተረጋግተው ቤት ውስጥ ሲያሳልፉ በተለመደው አሰራር የቀሩት 32 በመቶ ብቻ። እዚህ ላይ ሙሉ 5 ኮከብ።

ያልተዋጠልኝ ማስታወቂያው ነው። የድንገተኛ ክፍል፣ የፖሊስና የእስር ቤት ወጪ ስለሚቀንስ መንግስት እንደውም ያተርፋል እየተባለ ነው የሚሸጠው። እዛው የካናዳው ሙከራ ላይ ግን በደንብ ያተረፈው ድሮም ሆስፒታልና እስር ቤት ሲመላለሱ የነበሩት 10 በመቶዎቹ ላይ ነው፣ በአማካይ የወጣው ገንዘብ ሙሉ አልተመለሰም። ታዲያ ሰው ከብርድ ይውጣ ብላችሁ ጠይቁን እንጂ ትርፍ አለው አትበሉን እንጂ፣ ለብርዱማ ማን እምቢ ይላል።

ግንባታው ደግሞ ጉድ ነው። ሎስ አንጀለስ በ2016 ሕዝቡ 1.2 ቢሊዮን ዶላር ብድር አፅድቆ በ10 ዓመት 10,000 ቤት ተባለ፣ በ2022 የከተማው ኦዲት ሲወጣ አንዱ ፕሮጀክት ላይ የአንዲት ቤት ወጪ ከ800,000 ዶላር በላይ ተገምቶ አረፈው። ገንዘቡ ከየቦታው ተለቃቅሞ እስኪሟላ ዓመታት ይሄዳሉ፣ እስከዛ ኮንሰልታንቱም ጠበቃውም ወለዱም ድርሻውን ይወስዳል፣ ሰውየው ግን አሁንም ድንኳኑ ውስጥ ነው።

ፊንላንድስ የሚል አይጠፋም፣ ልክ ነው ሰርቶላቸዋል። ግን እነሱ በ2008 ሲጀምሩ የድሮ መጠለያዎችን ወደ አፓርታማ ቀይረዋል፣ ያለቀለት ቤትም ከገበያ እየገዙ ነው ያስገቡት።

ስለዚህ ድምፅ ስጥ ብባል መጀመሪያ የምጠይቀው ያለ ቤት ትገዛላችሁ ወይስ አዲስ ትሰራላችሁ ነው፣ አዲስ ከሆነ የአንዱ ቤት ዋጋ ከዚህ አያልፍም ተብሎ በቁጥር ይፃፍልኝ፣ ካልሆነ እኔን ከድምፁ አውጡኝ።