60 ኪሎ ጆንያ፦ በቀጥታ ማንሳት ወይስ በሳንቃ መጎተት?

ጅማ ውስጥ 60 ኪሎ የቡና ጆንያ አይሱዙ ላይ ልትጭን ነው እንበል፤ የመኪናው ወለል ከመሬት 1 ሜትር ከፍ ይላል።

በቀጥታ ለማንሳት ስሌቱ አጭር ነው፦ 60 በ9.8 (በምድር ስበት) ሲባዛ የሚያስፈልገው ጉልበት 588 ኒውተን፣ ሥራው (ጉልበቱ በ1 ሜትር ሲባዛ) 588 ጁል። ፈጣን ነው፣ ግን ሙሉ ክብደቱ ወገብ ላይ ያርፋል። ሁለት ሰው ካለ ለእያንዳንዱ 294 ኒውተን ስለሚደርስ ሳንቃ ፍለጋ መሄድ አያስፈልግም።

ብቻህን ከሆንክ ግን 3 ሜትር ሳንቃ አጋድም። ጆንያውን በተዳፋቱ ወደ ታች የሚስበው የክብደቱ አንድ ሦስተኛ፣ 196 ኒውተን ብቻ ነው። ብዙ ጀማሪ እዚህ ላይ ያቆማል፤ ሰበቃን፣ ማለትም ጆንያውና ሳንቃው ሲፋተጉ የሚፈጠረውን ተቃውሞ፣ ይረሳል። ሰበቃው ጆንያው ሳንቃውን ከሚጫንበት ጉልበት (554 ኒውተን ገደማ) 0.4 እጥፍ ነው ብንል 222 ኒውተን ይጨመራል፤ ጠቅላላው 418። ጉልበቱ ቀነሰ፣ ሥራው ግን 418 በ3፣ ማለትም 1,254 ጁል፣ ከእጥፍ በላይ ሆነ። ከ588 በላይ ያለው ወደ ሙቀት ይለወጣል። ሰበቃው ውለታም አለው፦ መሀል ላይ ደክሞህ ብትለቀው ጆንያው ባለበት ይቆያል።

ሳንቃው 1.5 ሜትር ከሆነስ? የሚያስፈልገው ጉልበት 567 ኒውተን ይደርሳል፤ ከማንሳት እምብዛም አይሻልም። ከለቀቅኸው ደግሞ ተንሸራቶ እግርህ ላይ ይመጣል። እንዲህ ያለ አጭር ሳንቃ ባይሞከር ይሻላል።

ገመዱን ከሳንቃው ጋር ትይዩ አድርገህ ሳብ። ከላይ ወደ ታች ተጭነህ ብትገፋው ሰበቃውን ራስህ ትጨምራለህ። የሳንቃውን የታች ጫፍም በድንጋይ አስደግፍ፤ ጭነቱ መሀል ላይ ሲያርፍ ወደ ኋላ ሊገፋው ይችላል።